ቀይ ጨርቅ ያለበት አይቆረጥም

«እኔ ልትከል፣ አንተ ቁረጥ» ያሉት እትዬ ነበሩ ወይስ «አንቺ ትከዪ፣ እኔ ልቁረጥ» ያሉት ጋሼ፣ አሁን ምዬ መናገር አልችልም። ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኔ ያን ቀን በመሬታቸው ዳር ጎንበስ ብዬ የአጥር ችካል እተክል ነበር። እነሱ ደግሞ ገና ምንም ባልበቀለበት ተዳፋት ላይ ቆመው ወደፊት ስለሚኖሩበት ግቢ ይነጋገራሉ። ግማሹን ሰማሁ፣ ግማሹን መዶሻዬና ነፋሱ ወሰዱት። ስለ ጥላ አንድ ነገር ተባለ። ስለ ጉልበት ሕመምም የተባለ ነገር ያለ ይመስለኛል። በመጨረሻ ሁለቱም ሳቁና እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ባልና ሚስት ሲጨባበጡ አይቼ ስለማላውቅ እሱን አልረሳሁትም።

ማንም ይበለው ማን፣ ያ ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ሕግ ሆነ። የሚተከለው ሁሉ የእትዬ ነው። የሚታጨደው፣ የሚመለመለው፣ የሚቆረጠው የጋሼ ነው። አንዱ በሌላው ሥራ አይገባም። እትዬ አረም ቢያዩ እንኳ አይነቅሉም፤ «ለእሱ ጋሼህ አሉለት» ብለው ለእኔ በአጥሩ በኩል ይነግሩኛል፣ ጋሼ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

እትዬ ጡረታ እስኪወጡ አዋላጅ ነበሩ፤ ጋሼ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር። ጋሼ የመቁረጡን ድርሻ የወሰዱት ቀላል መስሏቸው ነው። መትከል ጉድጓድ አለው፣ ፍግ አለው፣ ውሃ አለው። መቁረጥ ግን ጊዜውን ጠብቆ አንዴ ማጨድ ነው ብለው አሰቡ። ሣር ማታ ታጭዶ ጠዋት እንደገና ደህና አደራችሁ የሚል ፍጥረት መሆኑን ማን ይንገራቸው። በዚያ ላይ ቆሞ መሥራት አይሆንላቸውም። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሥራ የሠራሁት ተቀምጬ ነው» ይላሉ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው።

በመጀመሪያው ክረምት ማግስት የሣር ማጨጃ ማሽኑን አስነሥተው ከበሩ እስከ ጓሮው ሲነዱ፣ እትዬ በፕላስቲክ ከረጢት አፍልተው፣ አሳድገው፣ ገና የተከሏቸውን የሮማን ችግኞች ከነአረሙ ጠረጓቸው። እትዬ መጥተው ባዶውን መስመር አዩ። አልጮኹም። እትዬ ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ የሚያዋልዱበት ድምፅ ነው ይላሉ ጋሼ። ቀስ ብለው ምን እንደታያቸው ጠየቋቸው።

«ለእኔ አረንጓዴ አረንጓዴ ነው» አሉ ጋሼ። «ዛፍ የማውቀው በመስኮት ነው፤ እሱም በፍጥነት ሲያልፍ።»

በማግስቱ እትዬ አንድ ያረጀ ቀይ መጋረጃ አወረዱና በመቀስ ቀጭን ቀጭን አድርገው ቀደዱት። ቁራጮቹን ከረጢት ውስጥ ከተው በረንዳው ላይ ምስማር ላይ ሰቀሉ። ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ እጁ ላይ ምልክት ይታሰርለታል፤ እሳቸውም በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድንም ልጅ ለሌላ እናት አልሰጡም። ይህን ብዙ ጊዜ ነግረውኛል፤ በኩራት ሳይሆን ሰው ጤናው ደህና መሆኑን በሚናገርበት አነጋገር ነው። ከዚያ ወዲያ የተከሉት ችግኝ ሁሉ ግንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረለት። ቀይ ጨርቅ ያለበት አይቆረጥም። የሌለበት ከጋሼ ምሕረት የለውም።

ሕጉ ሠራ። ግቢው አማረ። ሎሚው አፈራ፣ የወይኑ ሐረግ በረንዳውን ሸፈነ፣ ጽጌረዳው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። መንገደኛ ቆሞ ያየዋል። እኔም አጥሩን ስጠግን ሽቦውን ሳላጠብቅ ብዙ ቆይቼ አይቼዋለሁ።

ነገር የመጣው ከተዳፋቱ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ከቆመበት ከፍታ እስከ እኔ አጥር ድረስ የሚወርድ ድንጋያማ ቁልቁለት አለ። ሣሩ መካከል እሾሃማ ቁጥቋጦ ይበቅልበታል፣ ሥሩ ድንጋይ ለድንጋይ የተሰካ። ማሽኑ እዚያ ሲገባ ምላጩ ድንጋይ ይነክስና ይንጫጫል፤ ጋሼም የድሮው አውቶቡሳቸው ሞተር መንገድ ላይ የነከሰባቸው ያህል ልባቸው ይወድቃል። በማጭድ ደግሞ ጎንበስ ማለት ይፈልጋል። ጎንበስ ማለት ከጋሼ ጋር ከተጣላ ቆይቷል።

እናም አንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ድንጋይ ነክሶ ሲቆም፣ ጋሼ አጥፍተውት በረንዳ ወጡና እጃቸውን ከከረጢቱ ሰደዱ። አንድ ቀይ ቁራጭ አወጡ። ተመልሰው ወርደው ትልቁ እሾህ ላይ አሰሩት። እትዬ ቢያዩት የተከሉት መስሏቸው ያልፉታል፤ ጋሼም ሕግ አክብረው የተዉት ይመስላል። ይህን ኋላ ራሳቸው ሲነግሩኝ «አንዱን ሳስር ቆጨኝ፣ ሁለተኛውን ሳስር እጄ ለመደ» አሉ። በየጊዜው አንድ አንድ እያሉ ተዳፋቱን በሙሉ ከሥራ ነፃ አወጡት። የቀረውን ግቢ ማጨድ አላስቸገራቸውም፤ እንዲያውም እያፏጩ ነበር የሚያጭዱት።

እትዬ ያዩት በጋው ሲገባ ነው። ታንከሩን ሊያዩ ወጥተው ሲወርዱ ቀይ ጨርቅ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። እኔ በአጥሩ ወዲህ የላላ ሽቦ እየወጠርኩ ነበር። ቁጥቋጦው ፊት ቆሙ። ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው አሹ፣ አሸተቱ። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ወደ ሦስተኛው ሄዱ። ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ፣ ማንም እንዳላየው በሚያጣራ ሰው አስተያየት። እኔ ሽቦዬን አየሁ።

ጥቂት ቆይተው በጀሪካን ውሃ ይዘው ተመለሱ። የውሃ ጎማው እስከዚያ አይደርስም። እያረፉ፣ እጅ እየለወጡ፣ እያንዳንዱን እሾህ አጠጡት።

ለሳምንታት አጠጡት። እሾህ መቼም ውሃ ካገኘ ምን ይከለክለዋል፣ ለመለመ። ጋሼ ከበረንዳቸው ያያሉ። መጀመሪያ ሳቃቸውን በጋዜጣ ሸፈኑ። በኋላ ግን የእትዬ ትከሻ ማዘንበሉን ሲያዩ አልቻሉም፣ ተነሥተው «አምጪው፣ እኔ ልያዝልሽ» አሉ። እትዬ ተገርመው ሰጧቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተዳፋቱ ውሃ በጋሼ ላይ ወደቀ። ላለመቁረጥ ብለው ያሰሩትን እሾህ ለማጠጣት በየቀኑ ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ አቀበት ይወጣሉ። በጉልምስናቸው ዘመን እንኳ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠሩም።

አንድ ማለዳ፣ ጸሎቴን ጨርሼ ወደ አጥሩ ስወጣ፣ እትዬ ከወዲያ በኩል ችካሉን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ተዳፋቱ ላይ ያሉትን መቼ እንደተከሏቸው አስታውስ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አላስታውስም አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ያኔ ጋሼ ገና አልነገሩኝም።

«እኔም አላስታውስም» አሉ። «ጨርቁ የእኔ ነው። መጋረጃው የእኔ ነው። ቅጠሉን ግን አይቼው የማውቅ አይመስለኝም።»

እኔ ሰው ሲናገር ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ ሌላ ብዙ የምችለው ነገር የለም። እትዬ ቀጠሉ። እናታቸውን መርሳት የጀመራቸው በዚህ ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ጨው ሁለት ጊዜ መጨመር ነበር፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም። በኋላ ልጆቻቸውን «እናንተ የማን ናችሁ?» እያሉ ሲጠይቁ በደግነት ነበር፤ ያ ደግነት ነው እስካሁን እትዬን የሚያስፈራቸው። እዚህ ላይ ቆም አሉና ለጋሼ እንዳልነግር ለመኑኝ። አደራውን ተቀበልኩ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ በሌላኛው በኩል መጡ። ጀሪካኑን አስቀምጠው አጥሬ ላይ ተንጠለጠሉና፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ሳቅ እያፈናቸው ሁሉንም ነገሩኝ። ስለ መጀመሪያው ጨርቅ፣ ስለ እጃቸው መልመድ፣ ስለ ማሽኑ። «እስቲ አስበው ጎረቤት፤ አረም እያጠጣሁ ነው። ብቆርጠው ኖሮ እኮ ይሄን ጊዜ ተኝቼ ነበር።»

እኔ አልሳቅሁም። ጋሼ ያልሳቅሁት ስላልገባኝ መስሏቸው ከመጀመሪያው ሊደግሙልኝ ተነሡ። ሄደው ዛሬውኑ ለእትዬ ይንገሯቸው አልኩ። ለምን ሲሉኝ ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ አደራ አፌን ይዞታል። ዛሬ ይንገሯቸው፣ ብቻ ይንገሯቸው አልኩ ደግሜ።

ማታ ለባለቤቴ ጭንቀቴን ስነግራት፣ ምኑን ከማን እንደሰማሁ ግን ስደብቅ፣ አየችኝና «አንተ እኮ እንደ እነሱ ታንከር ነህ» አለችኝ። «ሁሉም ይሞላብሃል፤ ቧንቧ ግን የለህም።» እትዬንና ጋሼን በጸሎቴ አነሣኋቸውና ተኛሁ።

ጋሼ ግን መንገር አልሆነላቸውም። ኩነኔው ሳይሆን ሳቋ ነው የሚያስፈራኝ አሉኝ ኋላ፤ እትዬ አንዴ ይህን ካወቁ በየእንግዳው ፊት ሲያወሩት ይኖራሉ። ስለዚህ አቋራጭ ፈለጉ። እትዬ ገበያ በሄዱበት ሰዓት ወርደው ጨርቁን ሁሉ ፈትተው በኪሳቸው ከተቱ። ጨርቅ ከሌለ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ድካም የለም፣ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እትዬ ከገበያ ተመልሰው ወደ ተዳፋቱ ወረዱ። ጨርቅ የለም። ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ሄዱ። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣሩን በእጃቸው እየከፈሉ መፈለግ ጀመሩ፤ ነፋስ ጥሎት እንደሆነ። ምንም የለም። ተነሥተው ቆሙና መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

ጋሼ ይህን ከመስኮት አዩ። ነገሩ ባይገባቸውም አላስቻላቸውም። በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እትዬ ሳይነሡ፣ ጨርቁን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው አሰሩት። ችግሩ የትኛው የትኛው ላይ እንደነበር አለማስታወሳቸው ነው። ለእሳቸው አረንጓዴ አረንጓዴ ነው። ፊት ጨርቅ የነበራቸው ራቁታቸውን ቀሩ፣ ያልነበራቸው ተሸለሙ፤ አንዱን እንዲያውም በእኔ የአጥር ችካል ላይ አስረውት ሄዱ። ችካሉን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ እትዬ ግን መጥተው «ይሄንንስ እኔ ነኝ የተከልኩት?» የሚሉ ዓይነት አየት አድርገውት አለፉ። ፊታቸው ቀልቡ የተገፈፈ ሰው ፊት ነበር። ያን ጊዜ አደራዬ እጄን እንደ ሽቦ ቆረጠኝ። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት ሄጄ፣ ካልነገሯቸው እኔ ሌላ ሰው አልሆንም አልኳቸው። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ለራሴም አልገባኝም። ጋሼም አልገባቸውም፤ ውሃ አቀረቡልኝ።

በዚያው ቀን እትዬ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ደወሉ። ልጅቱ አስተማሪ ናት። ቤቷ ውስጥ ለእነሱ ብላ አንድ ክፍል ካዘጋጀች ቆይታለች፤ በመጣች ቁጥር ትለምናለች፣ እትዬ በለመነች ቁጥር እንቢ ይላሉ። አሁን ራሳቸው ደውለው፣ መጥተሽ ውሰጂን፣ ግቢውን የሚከራይ ሰው ካለም ይታይ አሏት። ልጅቱ ደስታዋ ከስልኩ ወጥቶ ጋሼ በረንዳ ድረስ ተሰማ። ጋሼ የሰሙትን አላመኑም። ምን ሆነሽ ነው ብለው ቢጠይቁ ደከመኝ ብቻ ተባሉ። እትዬ ደከመኝ ሲሉ ሰምተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ግቢው ለቅሶ ቤት መሰለ። እትዬ ከየተክሉ ቁራጭ እየቆረጡ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል። ይሄ ጥላ ይወዳል፣ ይሄ ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል፣ ይሄን ከግድግዳ አስጠጋው ይሉኛል። አንድም ስም አልተሳሳቱም፤ ይህን ልነግራቸው ስጀምር ከአፌ ቀበል አድርገው ወደሌላው ያልፋሉ። ጋሼ ደግሞ እቃ ለመጫን ሸራና ገመድ አውጥተው በረንዳው ላይ ዘረጉ። ገመዱን ይቋጥሩታል፣ ይፈቱታል። ቁጭ ብለውም ቢሆን ያረፉ አይመስሉም።

ልጅቱ መጣች። ሻይ ተጠጣ። እትዬ ልጃቸውን ግቢውን ዞረን እንይ አሏት፤ ጋሼን ኑ አላሏቸውም፣ ጋሼ ግን ተነሥተው ከኋላ ተከተሉ። እኔ በአጥሩ ወዲህ ሆኜ፣ ሥራ ያለኝ መስዬ፣ አብሬያቸው ሄድኩ ማለት ይቻላል።

እትዬ እየቆሙ ይናገሩ ጀመር። መጀመሪያ ልጅቱን የሚያስተምሩ መሰለኝ። ቆይቶ ነው ራሳቸውን እየፈተኑ መሆኑ የገባኝ። ሎሚው ከየት እንደመጣ፣ ጽጌረዳውን ማን እንደሰጣቸው፣ የወይኑ ሐረግ በየትኛው ክረምት ሊሞት ደርሶ እንደተረፈ፣ አንዱንም ሳይስቱ ተናገሩ። እያንዳንዱን ሲያገኙት ድምፃቸው ትንሽ ይሞቃል። ልጅቱ እጃቸውን ይዛ ትስቃለች። እንዲህ እያሉ ተዳፋቱ ላይ ደረሱና ቀይ ጨርቅ ካለበት እሾህ ፊት ቆሙ።

ጨርቁን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ልጅቱ ጠበቀች።

«ይሄን አላውቀውም» አሉ እትዬ። «ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ። መቼ እንዳሰርኩት አላውቅም፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። በዚህ ሰሞን ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ከዚህ አይቼው እዚያ አገኘዋለሁ። እንደ እናቴ ልሆን ነው ልጄ። አባትሽን እዚህ ብቻውን ከእኔ ጋር አልተወውም። ለዚህ ነው ውሰጂን ያልኩሽ።»

ጋሼ እዚያው እንደቆሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ሁሉ ለእሳቸው የስንፍና ቀልድ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ እትዬ ቀረቡ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አሉ።

እትዬ ዞረው አዩዋቸው። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ፊታቸው በፍቅር ራሰ። እጃቸውን ዘርግተው የጋሼን ክንድ ዳሰሱ። «ልታጽናናኝ ነው» አሉ። «እግዜር ይስጥህ። ግን ተወው።»

«ምን ማጽናናት! እኔ ነኝ እላለሁ።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቱም ዓይኗ እንባ አቀረረና «አባዬ፣ ይበቃል» አለች። ጋሼ ጨነቃቸው። በሕይወታቸው ሙሉ ሰነፍ አይደለሁም እያሉ የተከራከሩ ሰው፣ አሁን ሽንጣቸውን ገትረው ስንፍናቸውን ማስረዳት ጀመሩ። ከማጨድ ለመሸሽ ስንት ጊዜ ማሽኑ ተበላሸ እንዳሉ፣ ማሽኑ ግን ደህና እንደነበረ፤ ጉልበቴን አመመኝ ብለው የተኙባቸው ቀናት ጉልበታቸው እንዳላመማቸው፤ ነዳጅ አለቀ ያሉት ከቤቱ ሥር በጀሪካን ተደብቆ እንደነበረ። ልጅቱ በእያንዳንዱ ላይ አፏን ትከፍታለች። እትዬ ግን በሐዘን ፈገግታ ይሰማሉ፤ ሰው ለሚወደው ሰው ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል እያደነቁ።

ጋሼ ሲጨንቃቸው ወደ አጥሩ ዞሩ። «ጎረቤት! እስቲ አንተ ተናገር። ነግሬህ የለም?»

ሦስቱም አዩኝ። የእትዬ አደራ አሁን በራሳቸው አፍ ተፈትቷል ብዬ አሰብኩ፤ ጋሼም ፈቅደዋል። መዶሻዬን አስቀመጥኩ። «ነግረውኛል እትዬ» አልኩ። «ሲነግሩኝም ይስቁ ነበር። ጋሼ ሰነፍ ናቸው፤ ይህን በየትም ቦታ ቆሜ እመሰክራለሁ።»

«እናንተ ወንዶች ተነጋግራችሁ ነው» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ግን ትንሽ ተናውጧል።

ያን ጊዜ ጋሼ ከጉልበታቸው ጋር የነበራቸውን ጠብ ረስተው እሾሁ ሥር ተንበረከኩ። እትዬን በእጃቸው ምልክት ጠርተው ጨርቁን እንዲፈቱት አዘዟቸው። እትዬ ጎንበስ ብለው ሞከሩ። በጥፍራቸው ሞከሩ። አልፈታ አለ፤ በጎተቱት ቁጥር ይጠብቃል። ጋሼ የጨርቁን አንዱን ጫፍ ያዙና በአንድ ስበት ሳብ አደረጉት። ቋጠሮው ብትን አለ።

«ይሄ የሸራ ቋጠሮ ነው» አሉ፣ መሬት ላይ እንደተቀመጡ። «አውቶቡስ ጣራ ላይ ያለ ሻንጣ የሚታሰረው እንዲህ ነው። አንቺ ይሄን መቼ ተማርሽው?»

እትዬ ጨርቁን ከእጃቸው ወሰዱ። ወደ ሁለተኛው ቁጥቋጦ ሄደው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ቋጠሮውን አዩ። ወደ ሦስተኛው ሄዱ። ሲመለሱ ይስቁ ይሁን ያለቅሱ አልለየሁትም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ጀርባቸውን ታሻለች። ጋሼ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ በምን ሊመቱ እንደሆነ የሚጠብቅ ሰው አቀማመጥ ነው።

«ጤነኛ ነኝ» አሉ እትዬ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ያዘጋጀችውን ክፍል ለእንግዳ እንድታደርገው ነገሯት። ልጅቱ አሁን ቀለም አስቀብቼው መጣሁ እኮ ብላ አኮረፈች፤ ኩርፊያዋን ማንም አላባበለም።

ጋሼ ፈጠን ብለው ተዳፋቱን ዛሬውኑ በማጭድ እቆርጠዋለሁ፣ ድንጋዩንም እለቅማለሁ አሉ። በዚህ የሚያልፍላቸው መስሏቸው ነበር።

«እሱ ድሮም ድርሻህ ነው» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ቀንሷል። «እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አብረኸኝ ትዞራለህ። እያንዳንዱን አሳይሃለሁ፤ ስሙን፣ ቅጠሉን፣ የት እንደተተከለ። ያለ ጨርቅ እስክታውቀው ድረስ።»

ጋሼ መደራደር ጀመሩ። የሚበላውን ብቻ ልወቅ አሉ፣ አበባውን ማሪኝ አሉ። እትዬ አልሰሟቸውም። ዛፉን ብቻ አሉ። አልሰሟቸውም። በዚህ ዕድሜ ምን ትምህርት ይገባኛል፣ ለምንስ ይጠቅመኛል አሉ።

እትዬ በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት።

«ዛሬ አልሆነም፤ እግዜር ይመስገን» አሉ። «አንድ ቀን ቢሆንስ? እናቴ ስትረሳ አባቴ አጠገቧ ነበር። ግን የእሷን ነገር አንዱንም አያውቅም ነበር። ምን ትወድ እንደነበር እኛን ይጠይቀን ነበር። እኔ ይሄ የማነው ብዬ ስጠይቅህ፣ ያንቺ ነው፣ ወይም ያንቺ አይደለም፣ እሾህ ነው ተይው የሚለኝ ማነው?»

ጋሼ ወደ ተዳፋቱ አዩ። ወደ ሎሚው አዩ፣ ወደ ጽጌረዳው አዩ፤ አረንጓዴ ሁሉ ፊታቸው ተዘርግቶ፣ አንዱም ስሙን አይነግራቸውም። እኔ ከመዶሻዬ ጋር ለመሄድ ተነሣሁ፤ ከዚህ በላይ መስማት የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም። ግን አጥሩ ረጅም ነው፣ ጆሮም አይዘጋም።

«ከቁርስ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አሉ ጋሼ።

«በፊት። ጤዛው ሳይደርቅ።»

ጋሼ ተነፈሱ። አውቶቡስ ሲቆም የሚተነፍሰው ዓይነት ረጅም ትንፋሽ ነበር።

«እሺ» አሉ። «ቀስቅሺኝ።»